ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት

ጋሽ ይልማ ማረፋቸውን የሰማሁት ለገሃር፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። የነገሩኝ የካዛንቺሷ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ናቸው። ከኋላዬ ተሰልፈው ኖሮ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ከሰላምታው በኋላ ልብሴን አዩት። ባለቤቴ መስፍን ካረፈ ሰባት ወሩ ነው፤ ጥቁሬን አላወለቅሁም።

ከዚያ፣ «የጋሽ ይልማን ግን እንዴት ቀረሽ? ሰው ሁሉ ሲጠይቀን ነበር» አሉኝ።

«የምን የጋሽ ይልማን?»

«ውይ ልጄ። አልነገሩሽም ማለት ነው። ከተቀበሩ እኮ ሦስት ሳምንት ሊሞላቸው ነው።»

ታክሲው መጣ። እትዬ ዘነበች ገቡ፤ እኔ ቦታዬን ለቀጣዩ ሰው ለቅቄ ቀረሁ። ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ መርዶ የምንሰማው እንዲህ ነው። አንዳችን ጀሞ፣ አንዳችን ገላን፣ አንዳችን የካ አባዶ ተበትነን፣ ሰው ሲሞት ጥሩንባው ሁላችንም ጋ አይደርስም።

ጋሽ ይልማ ለመስፍን ለቅሶ በሰው ተደግፈው ሦስት ቀን ተመላልሰዋል። እኔ ለእሳቸው አልደረስኩም። ይህን የምጽፈው ስላልደረስኩ ነው። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን ግማሽ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር።

ጋሽ ይልማ ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ድሬሰር ነበሩ። ድሬሰር ማለት ምን እንደሆነ የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። ሐኪም ያዘዘውን መርፌ የሚወጋ፣ ቁስል የሚያጥብና የሚያሽግ ባለሙያ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ሐኪም መርፌ ያዘዘለት ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነበር። ልጅ ያስቸገራት እናት ፖሊስ አትጠራም፤ «ጋሽ ይልማን ልጥራልህ?» ትላለች። እሳቸው መንገድ ሲሻገሩ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ኳሱን ትተው ይበተናሉ። ይህ ያሳዝናቸው እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ምን ያሳዝነኛል? ሻለቃ እንኳ እንዲህ አልተፈራም» አሉኝ።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ክረምት ከበጋ ያው ካኪ ካፖርት ነው። የመነጽራቸው አንድ ክንድ ተሰብሮ በነጭ ክር ታስሯል። በር አያንኳኩም፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቆርቆሮውን ሁለት ጊዜ ቧጨር አድርገው ቆመው ይጠብቃሉ። ሲሠሩ ያፏጫሉ፤ ዜማው ምን እንደሆነ አይታወቅም። መርፌው ሊገባ ሲል ግን ፉጨታቸው ቀጥ ይላል። ስለዚህ ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ መቼ እንደሚወጋ ያውቅ ነበር። መስፍን ይህንን ነገራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወግተው እስኪጨርሱ ማፏጨት ለመዱ።

የሚደጋግሙት ነገር ነበራቸው። «ሐኪም ያዛል፣ ድሬሰር ይፈጽማል፣ በሽተኛ ያማርራል። ሁሉም ሥራውን ከሠራ ሰላም ነው» ይሉ ነበር። እኔን ደግሞ፣ «መርፌ የሚያመው ከመግባቱ በፊት ነው» ይሉኝ ነበር። ይህን በቀን ሁለት ጊዜ ለስምንት ወር ያህል ሰምቼዋለሁ።

ከእሳቸው ጋር በዚህ መልክ የተገናኘነው ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። እኔ ያን ጊዜ ቂርቆስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። መስፍን ስታዲየም አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከተጋባን ስድስት ዓመታችን ነው። ሦስት ጊዜ አርግዤ ሦስቱም አልቆሙልኝም፤ ሁለቱ በአራተኛው ወር፣ አንዱ በስድስተኛው ጠፉ። በሰፈሩ ስሜ ወጣ። ሾተላይ አለባት ተባለ። ሾተላይ ማለት የሴቲቱን ልጆች በሆዷ እያሉ የሚወስድ ክፉ መንፈስ ነው ይባላል፤ ወደ ሌላዋም ይሻገራል ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮች በበሬ ማለፍ ትተው በላይኛው መንገድ ይዞሩ ጀመር። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ይዞሩ ነበር፣ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ከጠፋ በኋላ ግራ እግሬ አበጠ። ብርድ ነው ተብሎ በፎጣ ተጠቀለለ። ሲብስብኝ መስፍን ሆስፒታል ወሰደኝ፤ እግሬ ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። ያከመችኝ ወጣት ዶክተር እግሬን አድና አላበቃችም። ስለ ጠፉት ልጆች ጠየቀችኝ፣ ደሜን ደጋግማ አስመረመረች፣ ከዚያ አስቀምጣ አስረዳችኝ።

«ደምሽ ሲበዛ የሚረጋ ዓይነት ነው። በእርግዝና ጊዜ ይብስበታል። ልጁ ምግቡንም አየሩንም የሚያገኘው በእንግዴ ልጁ በኩል ነው። እዚያ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች በረጋ ደም ይዘጋሉ። ልጆችሽን ማንም አልወሰዳቸውም። ደሙ አልደረሳቸውም።»

በሚቀጥለው ካረገዝኩ ገና ከመጀመሪያው ደም የሚያቀጥን መርፌ፣ ሄፓሪን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሆዴ ላይ እንደምወጋ ነገረችኝ። ምጥ ሲጀምር ግን ወዲያው ይቆማል አለች። ደምን እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት በወሊድ ሰዓት ሰውነት ውስጥ ካለ፣ ያው መድኃኒት ደም ያፈስሳል።

አራተኛውን አረገዝኩ። ከመስፍን ጋር ሆዴ ራሱ እስኪናገር ድረስ ለማንም፣ ለእናቱም ቢሆን፣ ላንነግር ተማማልን። ሦስት ጊዜ ደስ ብሏቸው ሦስት ጊዜ ያለቀሱትን ሰዎች አራተኛ ማስለቀስ አልፈለግንም። መስፍን መርፌ ሲያይ ራሱን ይስታል፤ አንድ ጊዜ ክሊኒክ ውስጥ የእኔን ክንድ ሲወጉ እሱ ነው የወደቀው። ስለዚህ ወረቀቱን ይዘን ጋሽ ይልማ ዘንድ ሄድን። ሚስጥሩን የሚያውቁት ከእኛ ሌላ እሳቸው ብቻ ሆኑ።

ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አቅርበው አነበቡ። «ሆድ ላይ?» አሉ። «እኔ ሆድ ላይ የወጋሁት ውሻ የነከሰውን ሰው ብቻ ነው። አንቺን ደግሞ ማን ነከሰሽ ቲቸር?»

ነገርኳቸው። ስለ ሦስቱም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ ሳያደርጉት ብዙ ቆዩ። ከዚያ፣ «ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት። እኔ እመጣለሁ። አንቺ እንዳትመጪ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት በአንድ ሰዓት ቆርቆሮው ተቧጨረ። እጃቸውን በእኛ ውሃ በእኛ ሳሙና እያየናቸው ታጠቡ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አይተው እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ከወጉኝ በኋላ በዕለቱ ቁጥር ሥር በቀኝ ከሆነ «ቀ»፣ በግራ ከሆነ «ግ»፣ ከጎኑም ሰዓቱን ጻፉ። አንድም ቀን ሳይጽፉ አልሄዱም።

በመጀመሪያው ሳምንት ግን ተሳሳቱ። እኛ አገር መርፌ የተወጋ ሰው በጥጥ ይታሻል። ሳንታሽ የተወጋን አይመስለንም። ጋሽ ይልማ አርባ ዓመት ሙሉ ያሹና «እሺው፣ እሺው፣ ይሰራጭ» ይሉ ነበር። ሆዴንም እንደዚያው በትጋት አሹት። ሄፓሪን ግን መታሸት የለበትም፤ ከቆዳው ሥር ደም ያፈስሳል። ሳምንት ሳይሞላ ሆዴ ግራና ቀኙ እንደ በሰለ ሾላ ጠቆረ።

ዶክተሯ አይታ፣ «ማነው የሚያሽሽ?» አለችኝ። የሆነውን ለጋሽ ይልማ ነገርኳቸው። በማግስቱ ካኪ ካፖርታቸውን አስተኩሰው ሆስፒታል ሄዱ። ሌሎቹን ታካሚዎች አስቀድመው መጨረሻ ላይ ገቡ። ዶክተሯ ራሷ ናት በኋላ የነገረችኝ። የልጅ ልጃቸው የምትሆን ልጅ ፊት ቀጥ ብለው ቆመው፣ «ድሬሰር ይልማ እባላለሁ። ሆዷን ያጠቆርኩት እኔ ነኝ። አስተምሩኝ» አሏት። አስተማረቻቸው። ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጎ ማንሳት፣ ቀጥ አድርጎ ማስገባት፣ ጥጡን አስቀምጦ ብቻ ዝም ማለት።

ቀላል አልነበረም። ከወጉኝ በኋላ ቀኝ እጃቸው በራሱ ጊዜ ወደ ጥጡ ይሄዳል፤ ግራ እጃቸው ይይዘዋል። «አርባ ዓመት የለመደ እጅ በአንድ ቀን አይሰማም» ይሉና እጃቸውን ይቆጡታል። «ተቀመጥ። አልተጠራህም።» እኔ ስስቅ፣ «አትሳቂ፣ ሆድሽ ይንቀሳቀሳል» ይሉኛል። ሁለቱ እጆቻቸው እስኪታረቁ ወር ያህል ፈጀ። የጠቆረው ግን ቶሎ አልለቀቀም፤ እሱ ነው ጣጣ ያመጣብን።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ሳሰጣ ወደ ገመዱ ስንጠራራ ሹራቤ ከፍ አለ። እትዬ ዘነበች አጠገቤ ነበሩ። ሆዴን አዩት። ዓይናቸው ፈጠጠ። እኔ አላስረዳኋቸውም። ምን ልበል? ያን ጊዜ ሦስተኛ ወሬ ነው፤ ገና ከሚጠፉበት ወር አልደረስኩም።

እትዬ ዘነበች ቀጥታ ሄደው፣ መስፍን ሚስቱን ሆዷ ላይ እየደበደበ ነው ብለው ለሰፈሩ ተናገሩ። ልጅ ባለመውለዷ ነው ተባለ። ሰፈርተኛው መከረና ሽማግሌ መረጠ። ደምበል አጠገብ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ነስሩ፣ ጡረተኛው ሾፌር አቶ ተፈራ፣ እና ሰብሳቢ እንዲሆኑ፣ በዕድሜም በጭምትነትም የሚከበሩት ጋሽ ይልማ ተመረጡ።

እሑድ ረፋድ ላይ በራችን ተቧጨረ። ሰዓቱ አይደለም። ስከፍት ሦስቱ በሰልፍ ቆመዋል፤ ጋሽ ይልማ ከፊት ናቸው። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ገብተው ተቀመጡ። መስፍን ነጠላውን አስተካክሎ ፊታቸው ቆመ። ነገሩ ገብቶታል፤ የጠይም ፊቱ ቀለም ሄዷል። ሚስጥሩን አውጥቶ ራሱን ማዳን ይችል ነበር። እኔን አየኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሊወቀስ ተዘጋጅቶ እንደነበር ያን ቀን አወቅሁ።

አቶ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ መስፍን፣ አንተ ጨዋ ልጅ ነህ ብለን ነበር...»

«ቆይ ተፈራ፣ ሰብሳቢው እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ይልማ። «ከመጀመራችን በፊት የምናገረው አለኝ። እሷን ያጠቆራት እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሐጂ ነስሩ መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉት። «አንተ? በምን?»

«በመርፌ። ለበሽታዋ የታዘዘ መርፌ እወጋታለሁ። መታሸት የሌለበትን እንደ ድሮው አሸሁት። አበላሸሁ። ይኸው ነው።»

«የምን በሽታ?» አሉ አቶ ተፈራ።

«ይህን አትጠይቀኝ። የአንተን ኪንታሮት ለማን ተናገርኩ?»

አቶ ተፈራ አቀረቀሩ። ሐጂ ነስሩ ሳቃቸውን ለመያዝ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ታዲያ ይልማ» አሉ ኋላ፣ «ጥፋተኛው አንተ ከሆንክ ሰብሳቢ ሁን ሲሉህ እንዴት እሺ አልክ?»

«እምቢ ብል ሌላ ሰው ትመርጡ ነበራ። የመረጣችሁት ሰው ደግሞ ይህን ልጅ ይወቅሰው ነበር።»

መስፍን ተቀምጦ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ዳግመኛ ሳያነሱ ምሳ በልተው ሄዱ። ጋሽ ይልማ ግን በር ላይ ቆም ብለው፣ «ማታ አንድ ሰዓት ግራ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘነበች መጡ። ይቅርታ አልጠየቁም፣ ምንም አልጠየቁም። ጨምቄ ያስቀመጥኩትን የልብስ ባልዲ ከእጄ ወሰዱ። «ከዛሬ ጀምሮ ገመድ ላይ እጅሽን እንዳታነሺ። እኔ አሰጣልሻለሁ» አሉኝ። ገብቷቸዋል። እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ ለማንም ሳይናገሩ ልብሳችንን አሰጡልን።

አራተኛው ወር አለፈ። ስድስተኛው አለፈ። ጋሽ ይልማ በዝናብ መጡ፣ በጥምቀት መጡ፣ ጉንፋን ይዟቸው አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው መጡ። ልጁ ሲራገጥ መርፌውን ይዘው ቆመው ይጠብቁታል። «ይረጋጋ። ወታደር ሲንቀሳቀስ አይወጋም» ይሉ ነበር። የቀን መቁጠሪያው በ«ቀ» እና በ«ግ» ተሞላ። እኔ ያን ግድግዳ ማየት እንደ ጸሎት ሆነብኝ። ልጄን በሕይወት የያዘው እያንዳንዱ መርፌ እንደሆነ አመንኩ። አንዱ ከቀረ ይሞታል ብዬ አመንኩ። የእኔ ስህተት የመጣው ከዚህ ነው።

ዘጠነኛው ወር እንደገባሁ አንድ ጠዋት ጎህ ሲቀድ ወገቤን ቆረጠኝ። ሄደ፤ ተመልሶ መጣ። ምጥ መሆኑን አውቄዋለሁ። ምጥ ከጀመረ መርፌ እንደሚቀርም አውቃለሁ። ግን ሦስቱ የጠፉት መርፌ ሳይኖር ነው። ከአሁን እስኪወለድ ባለው ሰዓት ውስጥ ቢረጋበትስ? ለመስፍን አልነገርኩትም። ፊቴን ታጥቤ፣ ፀጉሬን አበጥሬ፣ ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓትን ጠበቅሁ።

ጋሽ ይልማ ገቡ፣ ታጠቡ፣ እያፏጩ መድኃኒቱን ቀዱ። «ዛሬ ቀኝ ነው» አሉ። ልብሴን ገለጥኩ። በዚያችው ቅጽበት ሕመሙ መጣ። ጥርሴን ነከስኩ። ፉጨታቸው ቆመ። ላይኛው ከንፈሬ ላይ ያለውን ላብ አዩ፤ መዳፋቸውን ሆዴ ላይ አኖሩ። ሆዴ እንደ ድንጋይ ነበር።

«መቼ ጀመረሽ?»

«ምኑ?»

«ቲቸር፣ ውሸት አልለመድሽም። አያምርብሽም።»

«ጋሽ ይልማ፣ ይውጉኝ። የዛሬን ብቻ። እግዜር ያሳይዎት፣ የዛሬን ብቻ። ይሄኛውም ይሞትብኛል።»

እጃቸውን ያዝኩ። ሁለቱንም እጃቸውን ያዝኩ። መስፍን በር ላይ ደርሶ፣ ሁለታችንንም አይቶ፣ የሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ። ጋሽ ይልማ እጃቸውን ከእጄ ቀስ ብለው አወጡ። መርፌውን ወደ በሩ ይዘው ሄደው፣ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ጠብታ ደጅ አፈር ላይ አፈሰሱት።

«አሁን የምትለምኚው ነገር የለም» አሉኝ። «ዶክተሯ ምን እንዳለችሽ ታውቂያለሽ። እኔ አንድ ጊዜ ያለ ትእዛዝ ሠርቼ አጥቁሬሻለሁ። ሁለተኛ አልሠራም። መስፍን፣ ታክሲ።»

መስፍን ሮጠ። ጋሽ ይልማ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው ነቅለው ብብታቸው ሥር ያዙት። ላዳ ታክሲው ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ሆኜ ተቀየምኳቸው። እውነቱን ልጻፍ፤ ያን መንገድ በሙሉ ጠልቻቸው ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሯ የልጁን የልብ ምት አዳመጠች። ደጋግማ አዳመጠች። ፊቷ ተለወጠ። ምቱ እየወረደ ነው፣ አሁኑኑ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት አለች። ጀርባዬ ላይ ተወግቼ ከወገቤ በታች መደንዘዝ ነበረብኝ። ተሽከርካሪው አልጋ ላይ ተኝቼ ሁሉንም እሰማለሁ።

«የመጨረሻው ሄፓሪን መቼ ነው የተሰጣት?» አለች ዶክተሯ።

ጋሽ ይልማ ተረከዛቸውን ገጥመው ቆሙ። «ትናንት ማታ አንድ ሰዓት። ግራ ጎን። አምስት ሺህ ዩኒት።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«አልሰጠሁም።»

«እርግጠኛ ነዎት? ጠዋት ወስዳ ከሆነ አሁን ጀርባዋን መንካት አልችልም። ሰዓት መጠበቅ አለብኝ። ልጁ ደግሞ ሰዓት የለውም።»

የቀን መቁጠሪያውን ሰጧት። የዕለቱ ቁጥር ሥር ባዶ ነበር። አየችው፤ አልጋው መገፋት ጀመረ። ስገባ አንገቴን አዙሬ አየኋቸው። ቀኝ እጃቸውን ግራ እጃቸው ይዞታል።

ልጄ ሲወጣ አላለቀሰም። ከዚያ አለቀሰ። ቢንያም አልነው።

ከወሊድ በኋላም መርፌው ስድስት ሳምንት ይቀጥላል ተባለ፤ ደም በብዛት የሚረጋው አራስ ቤት ነውና። ጋሽ ይልማ ሰዓታቸውን ይዘው ተመለሱ። አሁን ጠባቸው ከአማቴ ጋር ሆነ። አማቴ አራስ ከአልጋ አትወርድም ይላሉ፤ በሩ እንዲዘጋ፣ እግሬ እንዲሸፈን ይፈልጋሉ። ጋሽ ይልማ ደግሞ ወግተው ሲጨርሱ፣ «ተነሺ፣ እስከ ግቢው በር ደርሰሽ ነይ» ይሉኛል።

«ብርድ ይመታታል» ይላሉ አማቴ።

«ብርድ ይምታት እመት። ብርድ መድኃኒት አለው። እግሯ የሚፈልገው መሄድ ነው።»

«እርስዎ ወልደው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። አዝዘውኝ ነው።»

እኔ በአንድ ክንዴ መስፍንን፣ በሌላው አማቴን ይዤ፣ እስከ ግቢው በር እሄዳለሁ። ጋሽ ይልማ ከኋላ እያፏጩ ይከተላሉ። በሁለተኛው ሳምንት በበራችን አንዲት ነፍሰ ጡር አለፈች። ቆማ ሰላም አለችኝ።

አንድ ነገር ግን ገርሞኝ ነበር። ልጁን አይይዙትም። ስሰጣቸው፣ «ሥራዬን ሳልጨርስ አልይዝም» ይሉኛል። ክርስትናው ቀን እንኳ ሰው ሁሉ ሲቀባበለው እሳቸው ጥግ ተቀምጠው ያዩ ነበር።

የመጨረሻው መርፌ ቀን ደረሰ። ወጉኝ፣ ጻፉ፣ ታጠቡ። እጃቸውን አደራርቀው፣ «አሁን ስጪኝ» አሉ። ቢንያምን ያዙት። እንደሚሰበር ዕቃ አልያዙትም፤ እንደለመደ ሰው ያዙት። ብዙ ቆዩ። ፊታቸውን ከልጁ ሳያነሱ፣

«ቲቸር፣ ያቺ ዶክተር ስለ ደሙ የነገረችሽን በአማርኛ ትጽፊልኛለሽ? ሰው በሚገባው አማርኛ» አሉኝ።

«ለማን ነው?»

«ለወርቅነሽ።»

ወርቅነሽ ማን እንደሆነች አላውቅም ነበር። በሰፈሩ ማንም አያውቅም። ጋሽ ይልማ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩ፤ ብቻቸውን የተፈጠሩ ይመስለን ነበር።

«ሚስቴ ነበረች» አሉ። «ደብረ ብርሃን ናት። አራት ነው የጠፋባት። አራተኛው ሲጠፋ እናቴ፣ ሾተላይ ናት፣ ዘርህን ታጠፋዋለች አለችኝ። አባረርኳት አልልም። ሻንጣዋን ተሸክሜ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኋት። ከማባረር ይብሳል። ያን ጊዜ ድሬሰር ነበርኩ ቲቸር። የሰዉን ሁሉ ሕመም ሐኪም ምን አለ እያልኩ እጠይቅ ነበር። የሚስቴን ለእናቴ ተውኩት።»

«የእሷም እንደኔ ነው ማለት ነው?»

«አይታወቅም። ዶክተሯን ጠይቄያታለሁ፤ ያልተመረመረ ነገር አላውቅም አለችኝ። ልክ ናት። ግን ሾተላይ እንዳልነበረ ልነግራት እችላለሁ። ጥፋቷ እንዳልነበረ። ይህን ያህል አውቃለሁ አሁን።»

ያን ገጽ በዚያው ቀን አራት ጊዜ ጻፍኩት። ላስተማርኳቸው ልጆች ከጻፍኩላቸው ገጽ ሁሉ በላይ ደከምኩበት። ጋሽ ይልማ አነበቡት፣ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፣ ወጡ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር፤ ማንም አልመጣም። ማታም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቆርቆሮው ተቧጨረ።

ገብተው ተቀመጡ። ካፖርታቸው የመንገድ አቧራ ለብሷል።

«አገኟት?»

«አገኘኋት። መጀመሪያ አላወቀችኝም። አርጅተናል።»

«አነበቡላት?»

«አነበብኩላት። አስደገመችኝ። ይቅር በዪኝ አልኳት፤ እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። ልክ ናት። ከዚያ፣ ይህን የጻፈችው ሴት ልጇ ተረፈላት ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ተረፈላት፣ ወንድ ነው፣ ትናንት በእነዚህ እጆቼ ይዤው ነበር አልኳት።» ጋሽ ይልማ መዳፎቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። «እጆቼን ሳበቻቸው። ገለባብጣ ታያቸው ነበር።»